የደብሪቱ ጣት እንቢ ያለች ዕለት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። በዚህ ተረት ላም የለችም፣ በረትም የለም፤ ያለው መናኸሪያ ነው። ስለዚህ ተረት ተረት ስል «የአውቶቡስ በር!» በሉኝ። እሰይ፣ እንደሱ! ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ። ማንም እንዳያቋርጠኝ ደግሞ፤ ያቋረጠኝ ካለ ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ፣ እኔ እንደሆን አይደክመኝም።

በወሎ ምድር፣ ስሟን በማልነግራችሁ ከተማ፣ ዙበይዳ የምትባል እናት ነበረች። መኪያ የምትባል አንድ ልጅ አለቻት፤ እሷም አግብታ ደሴ ነው የምትኖረው። አንድ ቀን ማለዳ የዙበይዳ ስልክ ጮኸ። መኪያ ናት። «እማ፣ ምጡ ጀመረኝ። ሐኪም ቤት ገብቻለሁ። ፈርቻለሁ» አለች።

«አይዞሽ የኔ እናት! ምን ይዤልሽ ልምጣ? ቅቤ ልያዝ? የገንፎ እህል ልያዝ?»

«ምንም አልፈልግም። እጅሽን ብቻ። እጅሽን ይዤ ልውለድ። ድረሺልኝ።»

አያችሁ፣ የጠየቀችው ትንሽ ነገር ናት። ወርቅ አላለች፣ ሐር አላለች፤ እጅ ነው ያለችው። እጅ ደግሞ የትኛዋ እናት ታጣለች? ዙበይዳ ሻሿን እንደነገሩ ጠምጥማ፣ ጫማዋን በሩጫ ላይ አጥልቃ፣ መናኸሪያ ገባች። የደሴው አውቶቡስ ባዶውን ቆሟል። ስሟን ቀድማ አስመዘገበች፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ ሰው ተግተልትሎ ገባና አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞላ። ሞላ፤ ግን አልሄደም።

ሾፌሩ እንድሪስ መሪውን ታቅፎ ያዛጋል።

«እንድሪስ ወንድሜ፣ ንዳው እንጂ! ልጄ ምጥ ላይ ናት!»

«እትዬ፣ እኔ መች ጠላሁ? የግቢው በር ተዘግቷል። በሩ ካልተከፈተ ምን ላድርግ፣ በአጥር ልዝለል?»

እውነቱን ነው፤ አውቶቡስ አጥር አይዘልም። እንግዲህ በሩ አይከፈት፣ አውቶቡሱ አይሄድ፣ ዙበይዳ አትደርስ፣ መኪያም የእናቷን እጅ አትይዝ።

ዙበይዳ ዘላ ወረደችና ወደ በሩ ሮጠች። በሩን የሚጠብቁት አባባ ይመር ናቸው፤ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። «አባባ ይመር፣ በሩን ይክፈቱልኝ! ልጄ እየጠበቀችኝ ነው!»

«የመውጫ ወረቀቱስ?»

«የምን ወረቀት?»

«ማኅተም ያለበት ነዋ! ያለ ማኅተም እንኳን አውቶቡስ ድመትም በዚህ በር አትወጣም!» ይሄን ሲሉ አንዲት ድመት በእግራቸው መሃል ሾልካ ወጣች። አላዩም። ማኅተሙ አይመታ፣ በሩ አይከፈት፣ አውቶቡሱ አይሄድ፣ ዙበይዳ አትደርስ፣ መኪያም የእናቷን እጅ አትይዝ።

ዙበይዳ ወደ ስምሪት ክፍል ገሰገሰች። ማኅተም መቺው አቶ ጌጡ ማኅተሙን በአንድ እጁ፣ ቀለሙን በሌላው ይዞ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ የሚመታበት ነገር ብቻ ነው ያጣው።

«አቶ ጌጡ፣ በሞቴ ይምቱልኝ!»

«ምን ላይ ልምታው፣ መዳፌ ላይ? የተሳፋሪው ስም ዝርዝር ታትሞ ይምጣልኝ። ማን እንደተሳፈረ ሳላውቅ አውቶቡስ አልለቅም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ለቤተሰቡ ምን ብዬ ልመልስ?»

በዚህስ አልፈርድበትም። ደግ ነገር ነው ያለው፤ የዚያን ዕለት ግን ደግ ነገር ሁሉ የዙበይዳን መንገድ ይዘጋ ነበር። ፕሪንተሩ አያትም፣ ማኅተሙ አይመታ፣ በሩ አይከፈት፣ አውቶቡሱ አይሄድ፣ ዙበይዳ አትደርስ፣ መኪያም የእናቷን እጅ አትይዝ።

ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል የጸሐፊዋ የደብሪቱ ናት። ዙበይዳ ዘው ብላ ገባችና መጀመሪያ ያገኘችውን ፕሪንተር በጥፊ መታችው። «አንተ ሳጥን! ምን ትገተራለህ? አትም!»

ፕሪንተሩም ተናገረ። ምን ያስቃችኋል? በተረት ጅብ ሲናገር ዝም ብላችሁ ትሰሙ የለም ወይ? «እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ። «ወረቀቴን ጎርሼ፣ ቀለሜን ይዤ እየጠበቅሁ ነው። ኮምፒውተሩ አትም ካላለኝ ከራሴ ምን አወጣለሁ?»

ዙበይዳ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። «አንተስ? ምን ይዞህ ነው?»

«እኔማ የታዘዝኩትን አላጓደልኩም» አለ ኮምፒውተሩ። «ኮንትሮልና ፒ ሲነኩኝ እኔ ዘንድ አንድ መስመር ወደ ላይ ውጣ ማለት ነው። ነኩኝ፣ ወጣሁ። ደግመው ነኩኝ፣ ደግሜ ወጣሁ። አትም ያለኝ ሰው የለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብሪቱ ኪቦርዱን ሳታይ የምትጽፍ ሴት ናት፤ ስትጽፍ ከውጭ የሰማ ሰው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ወረደ ነው የሚለው። ትላንት ግን የድሮው ኮምፒውተር ተነሣና አዲስ መጣላት። አዲስ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ውስጡ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ነገር ከድሮው ጋር ዘመድ አይደለም። በድሮው ኮንትሮልና ፒ ማለት አትም ነው። ኮንትሮልና ዚ ማለት የጠፋውን መልስ ነው። በአዲሱስ? አዲሱን ያመጣው ባለሙያ ገመዱን ሰካክቶ «ሁሉም ያው ነው፣ ትለምጅዋለሽ» ብሏት ሄደ። ሁሉም ያው ነው! እንዲህ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ጠንቀቅ በሉ።

ደብሪቱም ዛሬ ጠዋት የተሳፋሪዎቹን ስም ጻፈች፤ እሱ ደህና ሄደ። ልታትም ኮንትሮልና ፒ ብትነካ፣ መስመሯ ላይ ብልጭ ድርግም የምትለው ጠቋሚ አንድ ስም ወደ ላይ ዘለለች። ደግማ ነካች፣ ደግማ ዘለለች። እንዲያ እየወጣች እየወጣች ከሁሉ በላይ ካለው ስም ደረሰች። ያ ስም የማን ነው? ቀድሞ የተመዘገበው የማን ነበር? አዎ፣ የዙበይዳ።

«እታለም፣ ሌላውን ቁልፍ ንኪያ!» አለች ዙበይዳ።

«እትዬ፣ ጣቴ እንቢ አለች» አለች ደብሪቱ። «ሌላ ቦታ ልወስዳት ስል ተመልሳ የኪቦርዱ ጥግ ላይ ታርፋለች።»

ትንሿ ጣት አኩርፋ ጥጉ ላይ ተለጥፋለች። «እኔ ዕድሜዬን የኖርኩት እዚሁ ጥግ ነው» አለች። «የኮንትሮል ቁልፍ እዚህ ነው። ወዴት ሂጂ ትሉኛላችሁ? መንገዱን ማን አሳየኝ? ልቧ ረግቶ ቀስ ብላ ካልመራችኝ ንቅንቅ አልልም!» ጣቷ አትታዘዝ፣ ኮምፒውተሩ አይሰማ፣ ፕሪንተሩ አያትም፣ ማኅተሙ አይመታ፣ በሩ አይከፈት፣ አውቶቡሱ አይሄድ፣ ዙበይዳ አትደርስ፣ መኪያም የእናቷን እጅ አትይዝ።

«እሺ፣ ልብሽን አረጋጊያ!»

«በምን ላረጋጋው? ይሄን ጩኸት አትሰሚም?»

ዙበይዳ ጆሮዋን ሰጠች። ለካስ ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ይጮሃል! «ምን ዓይነት ሥራ ነው!» «አንዲት ወረቀት ለማውጣት ይሄን ያህል!» «ካልቻለች ለሚችል ትልቀቅ!»

«ይኸው» አለች ደብሪቱ። «ለሚችል ትልቀቅ ይላሉ። አለቃዬም ይሰማል። የዚህን ሁሉ ዘመን ሥራዬን በአንድ ቀን ልነጠቅ ነው። እነሱ በጮሁ ቁጥር ዓይኔ ይጨልማል፤ ፊቴ ያለውን እንኳ ማንበብ አቃተኝ።»

እና ልቧ አይረጋ፣ ጣቷ አትታዘዝ፣ ኮምፒውተሩ አይሰማ፣ ፕሪንተሩ አያትም፣ ማኅተሙ አይመታ፣ በሩ አይከፈት፣ አውቶቡሱ አይሄድ፣ ዙበይዳ አትደርስ፣ መኪያም የእናቷን እጅ አትይዝ። በትንፋሽ አንድ ነው ያልኩት! ከእናንተ የሚችል ካለ ይሞክር።

ዙበይዳ ተመልሳ ወደ አውቶቡሱ በረረች። «ወገኖቼ፣ እባካችሁ ዝም በሉ! ስትጮኹ ጸሐፊዋ ትደነግጣለች!»

«አውቶቡሱ ካልሄደ ዝም አንልም!» አሉ በአንድ አፍ።

አያችሁ ጉዱን? አውቶቡሱ ካልሄደ ጩኸቱ አይቆም። ጩኸቱ ካልቆመ ልቧ አይረጋ፣ ልቧ ካልረጋ ጣቷ አትታዘዝ፣ ጣቷ ካልታዘዘች ኮምፒውተሩ አይሰማ፣ ፕሪንተሩ አያትም፣ ማኅተሙ አይመታ፣ በሩ አይከፈት፣ አውቶቡሱ አይሄድ። ተመልሰን አውቶቡሱ ላይ! ሰንሰለቱ ዞሮ ዞሮ ጭራውን ነክሷል። የት ገብታችሁ የት ትወጣላችሁ? ዙበይዳም መውጫው ጠፋት። የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

ስልኳ ጮኸ። «እማ» አለች መኪያ። ቃሉን በጥርሷ ነክሳ ነው የምታወጣው። «የት ደረስሽ?»

«እየመጣሁ ነው የኔ እናት።» የግቢው በር ፊት ለፊቷ ተዘግቶ ይታያታል። «እየመጣሁ ነው።»

«እማ፣ እኔንጃ… አልቻልኩም…» ስልኩ ተቋረጠ።

በዚህ መሃል ተሳፋሪዎቹ የአውቶቡሱን ቆርቆሮ በጡጫ መደብደብ ጀመሩ። ድምፁ በግቢው አስተጋባ። ደብሪቱ ክፍሏ ውስጥ ክው አለችና ጣቷ ማጥፊያው ቁልፍ ላይ ወደቀች፤ ወድቃም አልተነሣች። ጠቋሚዋ የት እንደነበረች ታስታውሳላችሁ? ከላይኛው ስም ጫፍ ላይ። ፊደሉ ከኋላ ወደ ፊት እየተበላ፣ እየተበላ፣ ዙበይዳ የሚለው ስም ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ደብሪቱ ልትመልሰው ኮንትሮልና ዚ ብትል፣ አልመለስ አለ። ደጋግማ ብትነካም እንቢ አለ።

አቶ ጌጡ በበሩ ብቅ አለ። «ደብሪቱ፣ ምን ሆነ?»

«የአንድ ሰው ስም ጠፋ።»

«ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው አይሳፈርም። ሳይመለስ ከታተመ ሰውየውን ማስወረዴ ነው» አለ።

ዙበይዳ ከኋላው ቆማ ሰማች። ሰውየው እሷ ናት። ሁሉ ሰው ሊሄድ፣ እሷ ብቻ ልትቀር ነው! ሰማይ ምድሩ ዞረባት፤ አፏንም ከፈተች፣ ደብሪቱን ልትሰድባት። ስድቡ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ደብሪቱ ግን ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል፤ እጆቿ ኪቦርዱ ላይ ይርገፈገፋሉ። ዙበይዳ እጆቹን አየች። እንዲህ የፈራ እጅ ይሆናል ደሴ ላይ የአልጋ ጠርዝ ጨምድዶ የያዘው። ስድቡን ዋጠችው።

«አብሽሪ እህቴ» አለችና ትከሻዋን ያዘቻት። «መጀመሪያ የጮህኩት እኔ ነኝ፤ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ልጄ ምጥ ላይ ስለሆነች ጭንቄን አንቺ ላይ ደፋሁት። ቆይ፣ መጣሁ።»

አውቶቡሱ በር ላይ ቆመች። ዝም በሉ አላለችም፤ ዝም እንደማይሉ አውቃዋለች። እጆቿን ዘረጋች።

«እናንተ ሰዎች! መጮህ ካማራችሁ ጩኹ! ግን የምትጮኹትን እኔ ልስጣችሁ። እጃችሁን ዘርጉ!»

ወሎ ውስጥ ዱዓ ሲደረግ እጁን የማይዘረጋ ማን አለ? ቆርቆሮውን ሲደበድብ የነበረው ጡጫ ሁሉ ተፈታና መዳፍ ሆነ። እስላሙም ክርስቲያኑም ዘረጋ።

«ያ አላህ፣ ለደብሪቱ ሥራዋን አግራላት!»

«አሚን!» አለ አውቶቡሱ፤ ከኋላ ወንበርም «አሜን!»

«ጣቷን አቅናላት!»

«አሚን!»

«ዓይኗን ግለጥላት! ፍርሃቷን አርቅላት!»

«አሚን!»

«ምጥ ላይ ላለችው ልጄም ድረስላት!»

ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተያየ። ብዙዎቹ ይሄን አላወቁም ነበር፤ የሰማው ላልሰማው አልነገረም። «አሚን!» አሉ፤ ይሄኛው ከሁሉ በለጠ። እንድሪስ ሳይቀር መሪውን ለቆ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ አባባ ይመር በበርጩማቸው ላይ ሆነው «አሚን» አሉ።

ያው ድምፅ ነው፤ ከያው አውቶቡስ፣ ከያው ጉሮሮ የወጣ። ደብሪቱ ስሟን ሰማች። የሚረግሟት መስሏት ተሸማቀቀች፤ ቀጥሎ አሚን ሲባል ሰማች። እንባዋ ዱብ አለ፣ ቀጥላም ሳቅ አመለጣት። ልቧም ረጋ አለ። ዓይኗም ተገለጠ። ቀና ብላ የስክሪኑን የላይኛውን ጠርዝ ተመለከተች፤ ጠዋት ሙሉ እዚያው የነበሩ፣ ከድንጋጤዋ የተነሣ ያላየቻቸው ትእዛዞች ተደርድረዋል። በማውሱ ከፈተቻቸው። «አትም» ከሚለው ትእዛዝ ጎን የፒ ፊደል አለች፤ ከፒ አጠገብ ግን ኮንትሮል የለም። አራት ጆሮ ያላት የቋጠሮ ምልክት ናት ያለችው። «የጠፋውን መልስ» ከሚለው ጎንም ዚ አለች፣ ያቺው ባለ አራት ጆሮ ቋጠሮ አብራት አለች።

«ይቺን ቋጠሮ የት አየኋት?» ብላ ኪቦርዱን ጎንበስ ብላ አየች። ሳታይ መጻፍ የለመደ ሰው ጎንበስ ማለት ይከብደዋል፤ ለእሷም ከበዳት፣ ግን ጎንበስ አለች። ቋጠሮዋ ከረጅሙ የክፍተት ቁልፍ ጎን፣ አውራ ጣት ሥር ተቀምጣለች።

«ትንሿ ጣቴ፣ አንቺ ዛሬ እረፊ» አለች ደብሪቱ።

«መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትይኝ ኖሮ እኮ እሺ ነበርኩ» አለች ትንሿ ጣት፤ ከጥጉ ተነሥታም ለአውራ ጣት ቦታ ለቀቀች።

አውራ ጣት ቋጠሮዋን ተጫነ፣ ሌላዋ ጣት ዚን ነካች። ዙበይዳ የሚለው ስም ብቅ አለ! ደብሪቱ እልል ልትል ነበር፤ ገና ነው ብላ አፏን ያዘች። አውራ ጣት ቋጠሮዋን ተጫነ፣ ሌላዋ ጣት ፒን ነካች። አንድ ሳጥን ስክሪኑ መሃል ላይ ድንገት ወጥቶ ተገተረባት። ልቧ እንደገና ዘለለ። «ደግሞ ይሄ ምንድነው?» ቀስ ብላ አነበበችው። ላትም ወይ ብሎ መጠየቁ ነው። እሺ አለችው።

ኮምፒውተሩ ሰማ። ፕሪንተሩ አንዴ ሳል ሳል አለና የጎረሰውን ወረቀት ተፋ። አቶ ጌጡ ወረቀቱን ከነሙቀቱ ቀምቶ ማኅተሙን ጧ አደረገ። አባባ ይመር በሩን ገፉት። እንድሪስ ሞተሩን አስነሣ። ዙበይዳ ደረጃው ላይ እግሯን ስታሳርፍ አውቶቡሱ ሄደ። ደብሪቱ በመስኮቷ በኩል ሁለት እጇን አውለበለበች።

ሄደ፤ ደረሰ ማለት ግን አይደለም። ዙበይዳ መኪያ ዘንድ ደወለች። አይነሣም። እንደገና ደወለች፤ አይነሣም። ዳገቱ አላልቅ፣ ቁልቁለቱ አልጀምር አላት። «አነሣች?» ይላታል ከኋላዋ ያለው። «አላነሣችም» ትላለች። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ቀረ፤ ደሴ እስኪገቡ ድረስ በአውቶቡሱ ውስጥ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው አልነበረም። እንድሪስ መናኸሪያ ከመግባቱ በፊት የሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ አቆመላት። ያለ ቦታህ ቆመሃል ብሎ የተናገረው የለም።

በሩጫ ገባች። ኮሪደሩ ላይ ሰው ይተራመሳል። አንዲት አዋላጅ አንገቷን አስግጋ፣ «የመኪያ እናት ደርሰዋል?» ብላ ተጣራች።

«ነኝ! እኔ ነኝ!»

«ይግቡ፣ ቶሎ ይግቡ። ግፊ ብንላት እናቴ ሳትመጣ አልገፋም ብላ አስቸገረችን።»

መኪያ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ተከድኗል፤ ቀኝ እጇ ባዶ አየር ይዳስሳል። ዙበይዳ እጇን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠች። መኪያ ሳታይ ያዘችው፤ ይዛም ጨመቀችው፣ አጥንቱ እስኪንቋቋ።

«ለምን ዘገየሽ?» አለች።

ዙበይዳ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ስለ በሩ፣ ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ፕሪንተሩ፣ ስለ ኮምፒውተሩ፣ ጥግ አልለቅም ስላለችው ጣት፣ ስለተሸበረው ልብ፣ ስለ ጩኸቱ። ሁሉም ጉሮሮዋ ላይ ተሰለፈ። ነገር ግን አንዱም አልወጣም።

«ደረስኩ» አለች። «ደረስኩልሽ፤ ያዥኝ።»

መኪያም ያዘች፤ ሕፃኑ እስኪያለቅስ ድረስ አልለቀቀችም።

ተረቴ ይኸው ነው። ዳቦ አልጠይቃችሁም፤ ይሄን ሁሉ ስቀጣጥል ጉሮሮዬ ደርቋልና አንዳችሁ ውሃ አቀብሉኝ።